ባነሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ

የጎንደር ልጆች፣ አንድ ዴስክ ላይ ተጣብቀን የተማርን ጓደኞቼ፣ ከአዲስ አበባና ከባሕር ማዶ የመጣችሁ፣ እዚሁ አራዳና ማራኪ የምትኖሩ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ትቀየሙኝ ይሆናል። ተቀየሙኝ።

ቅዳሜ መስከረም 10 የሆነውን ልንገራችሁ። አብዛኞቻችሁ ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ስለነበራችሁ አላያችሁም። እኔ አይቻለሁ። የእኔ ጥፋት ከእናንተ የሚብሰውም ለዚህ ነው።

ማትሪክ ተፈትነን የተበታተንነው በ1988 ነው። ዘንድሮ 30 ዓመት ይሞላናል። በዚህ መሃል ስንቱን ጓደኛ፣ ስንቱን መምህር ቀብረናል። እናም አዲስ ዓመት ሲገባ፣ አደይ ሳይረግፍ፣ ባደግንበት ግቢ እንገናኝ ተባባልን። መልካም ሐሳብ ነበር፤ አሁንም መልካም ነበር እላለሁ። በነፍስ ወከፍ 3,000 ብር አዋጣን። ቲሸርት ታተመ፣ በግ ተገዛ፣ ድንኳን ተተከለ። ባነርም አሠራን። በትልልቁ «እንኳን ወደ ቤታችሁ በሰላም መጣችሁ» ይላል።

ያንን ባነር ጠዋት በሩ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ። የብረቱ በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ባነሩ ሲወጠር ሸፈነው። ወረቀቱ ምን እንደሚል አላነበብኩም። ባነሩ እንዳይጣመም ብቻ ነበር የተጨነቅሁት።

4 ሰዓት ገደማ ኬኩን ልቀበል ወደ በሩ ወጣሁ። አባትና ልጅ ቆመዋል። አባትየው ጋቢ ደርቦ ትከሻው ላይ ማዳበሪያ ተሸክሟል። ልጅቱ የተጠቀለለ ስስ ፍራሽና ቢጫ ጀሪካን ይዛለች። ጎንደር ያደገ ሰው ይህን ሸክም ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ከገጠር መጥታ፣ ቤት ተከራይታ ልትማር ነው። ማዳበሪያው ውስጥ ሽሮና በርበሬ፣ ትንሽ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ ይኖራል።

ጥበቃው «ዛሬ እንግዳ አለ፣ ምዝገባ የለም፣ ሰኞ ተመለሱ» ይላቸዋል።

«እስከ ቅዳሜ ነው ተብለን ነው እኮ የመጣን፣ ልጄ» አለ አባትየው። «ከደንቢያ ነው የመጣን። መኪና እንደ ልብ የሚገኘው በገበያ ቀን ነው። ሰኞ በምን እመጣለሁ?»

«እኔ ምን ላድርግ አባቴ። ሠራተኞቹ ሁሉ ከእንግዶቹ ጋር ናቸው።»

ልጅቱ ምንም አላለችም። ደረቷ ላይ አጥብቃ የያዘችውን ጥቁር ፌስታል ፈታች። ውስጡ ሌላ ፌስታል አለ። እሱንም ፈታች። ካርዷ ነው፤ የ9ኛ ክፍል፣ የ2015። አራት ቦታ ከመታጠፉ ብዛት ሊቀደድ ሲል በፕላስተር ተጠግኗል። ወደ እኔ ዘረጋችው። ቲሸርቱን አይታ የግቢው ሰው መስያት ይሆናል። ዓይኔ ደረጃ የሚለው ላይ አረፈ። 2ኛ ይላል። ስሟን አላነበብኩም።

«ጋሼ፣ እኛ ጋ ትምህርት ከቆመ ሁለት ዓመት ሆነው» አለችኝ። «ዘንድሮ ካልተመዘገብኩ...»

ቃሏን አልጨረሰችውም። የገጠር ልጅ ከትምህርት ስትቀር ምን እንደሚከተል ግን ሁላችንም እናውቃለን። ሽማግሌ ይላካል።

በዚህ መሃል ኬኩ ደረሰ። ባጃጁ ክላክሱን ደጋገመው። «ሰኞ ኑ፣ እኔም አናግርላችኋለሁ» አልኳት። ማንን ነው የማናግረው? ለማን ብዬ ነው የማናግረው? ስሟን እንኳ አላወቅሁ! ካርዷን መለስኩላትና ኬኩን ተሸክሜ ገባሁ። ከኋላዬ አባትየው «እግዜር ይስጥልን ጌታው» ሲል ሰማሁት። ምንም ሳልሰጠው አመሰገነኝ። ይህችን ቃል እስካሁን ከጆሮዬ ማውጣት አልቻልኩም።

ድንኳኑ ውስጥ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። አንዱ ወዳጃችን ማይኩን ይዞ ስለ ትምህርት ውድቀት ተናገረ። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አንድ በአንድ ዘረዘረ። ቁጥሮቹ እውነት ናቸው። ከዚያ «ይህ ትውልድ መማር አይፈልግም» አለ። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ። መማር የምትፈልግ ልጅ በር ላይ ፍራሿን ታቅፋ ትቼ ነው የገባሁት። እጄ እንዴት አልከበደኝም?

ማታ 12 ሰዓት ላይ ባነሩን ልፈታ ወጣሁ። ገመዱ ሲላላ ያ ወረቀት ብቅ አለ። «የዘገዩ ተማሪዎች ምዝገባ እስከ ቅዳሜ መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ብቻ» ይላል። ማህተም አለው። አባትየው ያለው በሙሉ ልክ ነበር። ማስረጃው ከጀርባው፣ በእኛ ባነር ተሸፍኖ ነበር። መሰላሉ ላይ እንዳለሁ ጉልበቴ ተብረከረከ። ዞር ብዬ መንገዱን አየሁ። ማንም የለም። አጥሩ ስር ካለው ድንጋይ አጠገብ ጥቂት የሽምብራ ቆሎ ፈሶ ነበር። ለስንት ሰዓት ተቀምጠው እንደጠበቁ እግዜር ይወቀው።

«ጥፋቱ የጥበቃው ነው» የምትሉ አላችሁ። አይደለም። በዋዜማው «ከተጠራው ሰው በቀር ማንም እንዳይገባ» ብለን ያዘዝነው እኛ ነን፣ ኮሚቴዎቹ። እኔም ኮሚቴ ነበርኩ። ሰውየው የታዘዘውን ፈጸመ። ሪከርድ ክፍሉን ዘግተው ከእኛ ጋር እንዲቀመጡ ሠራተኞቹን የለመንነውም እኛው ነን። ክብር መስሎን ነበር።

ወገኖቼ፣ ምን ነካን? ይህች እኮ ተማሪ በየደጃፉ እየለመነ የተማረባት ከተማ ናት። ፋሲል በ1628 ከቆረቆሯት 390 ዓመት ሆናት፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ የመጣ ስንት የቆሎ ተማሪ አለ! አቋቋም የተባለውን የዜማ ትምህርት በበአታ ቤተ ክርስቲያን የተማረ ሁሉ የጎንደር እናቶችን እንጀራ በልቷል። አያቴ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ ከሰማች የራሷን ጉርሻ አቋርጣ ትነሳ ነበር። ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ አትልም። ቁራሹን ሰጥታው «በርታ ልጄ» ትለዋለች። እኔ ያቺ ሴት ያሳደገችኝ ሰው ነኝ። የመጣችብኝ ልጅ ደግሞ ቁራሽ እንኳ አልለመነችኝም፤ ስንቋን ይዛ ነው የመጣችው። የፈለገችው መዝገብ ላይ ስሟ እንዲጻፍ ነበር።

በክልላችን ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸው ሲነገር ሁላችንም ሰምተናል። ከንፈራችንን መጠጥን። መንገድ ተዘጋ፣ ተኩስ ነው፣ ጊዜው ከፋ እንላለን። እውነት ነው፣ ከፍቷል። እኔና እናንተ ተኩሱን ማስቆም አልቻልንም። ያቺ ልጅ ግን ያን ሁሉ መንገድ አልፋ በራችን ድረስ ደርሳለች። የቀራት የአንድ በር ስፋት ነበር። እሱን መክፈት በእጃችን ነበር።

ሰኞ በጠዋት ሄጄ በሩ ላይ እስከ 6 ሰዓት ቆምኩ። አልመጡም። ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ገብቼ ነገሩን አስረዳሁ። ወጣት መምህር ነው፤ በትዕግሥት አዳመጠኝ። «ስሟ ማን ነው?» አለኝ። አላውቅም። «የየትኛው ትምህርት ቤት ካርድ ነው?» አላየሁም። «2ኛ ወጥታለች» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። በ50 ዓመቴ ዳር ሆኜ፣ ያንን ቢሮ እንደተማሪነቴ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ርዕሰ መምህሩ ግን ሰው ናቸው። በጸጥታው ምክንያት የቀረ ልጅ ካርዱን ይዞ ከመጣ እስከ መስከረም 30 እንመዘግባለን ብለውኛል። በወረቀት ጽፈው በሩ ላይ እንዲለጥፉት ለመንኳቸው። ለጠፉት። ከዚያ ወደ ደንቢያ፣ ወደ ቆላድባ የሚሄደው መኪና ወደሚነሳበት ሄድኩ። ረዳቱን ጠየቅሁት። «ቅዳሜ ቅዳሜ ስንት አባትና ልጅ ነው የምናመላልሰው፣ ጋሼ» አለኝ። ስልኬን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ኪሱ ከተተው። ይጠፋበት ይሆናል፤ ላይጠፋበትም ይችላል።

አሁን ደግሞ ከመዋጮው የተረፈውን ገንዘብ ለመስቀል ዋዜማ ራት እናውለው የምትሉ እንዳላችሁ ሰማሁ። እኔ አልመጣም። ለእናንተም አትሂዱ እላለሁ። በዚያ ገንዘብ ከገጠር ለመጡ ልጆች የአንዲት ክፍል ቤት ኪራይ ለጥቂት ወራት መክፈል ይቻላል። ደብተርና እስክሪብቶ ይገዛል። ትሰሙኝ እንደሆነ አላውቅም። ብዙ ነገር ጀምረን ብዙ ነገር ትተናል። ግን 30 ዓመት አውቃችኋለሁ። አንዳችን ስንታመም ሌሊት ተጠራርታችሁ የምትመጡ ናችሁ። ያንኑ ልብ ነው የምለምናችሁ።

ደንቢያ ዘመድ ያላችሁ፣ ቅዳሜ ገበያ የምትውሉ፣ በዚያ መስመር መኪና የምትነዱ፣ እባካችሁ ቃል አድርሱልኝ። ልጅቱ ቀጠን ያለች፣ ምናልባት የ17 ዓመት ልጅ ናት። ካርዷን በሁለት ፌስታል ጠቅልላ ትይዛለች። አባቷ ነጭ ጋቢ ይለብሳል። ምዝገባው አልተዘጋም በሏቸው። እስከ መስከረም 30 ነው፤ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ምንም የሸፈነው ነገር የለም።