ኳሱ የእኛ፣ ጎሉ የእነሱ፦ ስለ ዋሊያዎቹ የማጥቃት ስልት የተደረገ ክርክር

የክርክሩ ጥያቄ፦ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ ዘመን ይከተለው የነበረው፣ ኳስን ከግብ ጠባቂው ጀምሮ በአጫጭር ቅብብል መሥርቶ የማጥቃት ስልት ፈጣን አጥቂ በሌለበት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

አያዋጣም የሚለው ተከራካሪ

በጥር 2014 ዓ.ም. በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ዋሊያዎቹ ሦስት ጨዋታ አድርገው አንድ ነጥብና ሁለት ጎል ይዘው ተመለሱ፤ ከሁለቱ ጎሎች አንዷም ጌታነህ ከበደ በቡርኪና ፋሶ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት ያገባት ናት። የኳስ አያያዛችን አስጨብጭቦልናል፤ ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ። ከጭብጨባው በኋላ ግን ያ ሁሉ ቅብብል የተጋጣሚን ግብ ጠባቂ ስንት ጊዜ አስጨነቀ ብዬ ስጠይቅ መልሱ አያስደስተኝም።

ብዙዎቻችን ፍጥነትን የምናስበው ኳስ ተከትሎ በሚሮጥ የመስመር አጥቂ ነው። እኔ ግን ፍጥነት የሚጠቅመው ኳሷ ገና ሳትላክ ነው እላለሁ። ከጀርባው ሮጦ ሊያመልጠው የሚችል አጥቂ እንዳለ የሚያውቅ ተከላካይ ወደ ራሱ ግብ ያፈገፍጋል፤ ሲያፈገፍግም በእርሱና በአማካዮቹ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ እንደ ሽመልስ በቀለና ሱራፌል ዳኛቸው ያሉ ባለ ተሰጥኦዎች ደግሞ ኑሯቸው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። የሚያሰጋው ሯጭ ከሌለ ተከላካዩ እስከ መሐል ሜዳ ይጠጋል፣ ሜዳው ይጠብባል፣ አማካዩም ኳሷን ጀርባውን ሰጥቶ ተቀብሎ ወደ መጣችበት ከመመለስ በቀር ምርጫ ያጣል። ስለዚህ ፍጥነት ለቅብብሉ ስልት ተቃራኒው ሳይሆን መተንፈሻው ነው።

በ2013 የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎሎች አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን የሰበረው አቡበከር ናስር በካሜሩኑ ውድድር አንድም ጎል አላገባም። ልጁ ችሎታው ጠፍቶበት አይመስለኝም፤ የጠፋችበት በሊጋችን ተከላካዮች ፊት የሚያገኛት አንዲት ትርፍ ሰኮንድ ናት። (የቀነኒሳ አገር እንዴት ፍጥነት ያጣል የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ አሥር ሺህ ሜትር መሮጥና የመጀመሪያዎቹን 20 ሜትሮች መቅደም ለየቅል ናቸው።)

ያዋጣል የሚለው ተከራካሪ

ወዳጄ፣ የካሜሩኑን ውድድር በማስረጃነት ሲያቀርቡ አንድ ትልቅ ነገር ዘለሉ። ከኬፕ ቨርዴ ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ያሬድ ባየህ በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጥቷል፤ ቀሪውን ጨዋታ በሙሉ በ10 ሰው ተጫውቶ 1 ለ 0 የተሸነፈ ቡድን ስልቱ ወደቀ ብሎ መፍረድ ከባድ ነው። በሁለተኛው ጨዋታ አዘጋጇን ካሜሩንን በ4ኛው ደቂቃ በዳዋ ሆቴሳ ጎል መርተናል። በመጨረሻ 4 ለ 1 መሸነፋችንን አልክድም፤ እርስዎ ግን መምራታችንንም አላነሡም።

ከአምስት ወር በኋላ የሆነውን ደግሞ ልብ ይበሉ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ይኸው አሠልጣኝ፣ አብዛኞቹም እነዚያው ተጫዋቾች፣ ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፉ። መሐመድ ሳላህ አልተሰለፈም ይሉኝ ይሆናል፤ እኛም ሜዳ አልነበረንም፤ የባሕር ዳር ስታዲየም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (የካፍን) መሥፈርት አያሟላም ስለተባለ «የሜዳችን» ጨዋታ የተካሄደው በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነበር። በአምስት ወር ውስጥ አዲስ እግር የሚያበቅል ተጫዋች የለም። በእኔ ዓይን የተለወጠው ኳሷ ወደ ፊት የምትሄድበት ፍጥነት ነው፤ ተጫዋቹ ኳሷን ሲቀበል ቀጥሎ ለማን እንደሚሰጣት አስቀድሞ ወስኖ ነበር።

እውነተኛው ዝግታችን ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ ምንጩም እግር አይመስለኝም። በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች በየተራ በአንድ ከተማ ተሰብስበው በአንድ ሜዳ ላይ መጫወት ጀመሩ። በተከታታይ ጨዋታ ሣሩ በተላጨ ሜዳ ላይ ኳስ ስለምትነጥር ተጫዋቹ እስክትረጋ አንድ ጊዜ ጨምሮ ይነካታል፤ ያቺ ትርፍ ንክኪ ልማድ ትሆናለች፤ ልማዱም ብሔራዊ ቡድን ድረስ ይከተለዋል። እርስዎ የሚሹትን ሯጭ ብናገኝለትም፣ ኳሷ ሁለት ጊዜ ተነክታ እስክትላክለት ከተከላካዮቹ አልፎ ከጨዋታ ውጭ (ኦፍሳይድ) ቆሞ ይጠብቃታል።

አያዋጣም የሚለው ተከራካሪ

የሜዳውን ነገር እቀበላለሁ። የግብፁን ድል ግን ያለ ጎረቤቱ አያምጡት፦ ከዚያ ጨዋታ አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 28፣ ይኸው ቡድን በዚያችው ሊሎንግዌ በማላዊ 2 ለ 1 ተሸንፏል። ግብፅ እንደ ባለ ግርማ ቡድን ወደ ፊት ወጥታ ስለተጫወተች ከጀርባዋ ሜዳ ትታልን ነበር፤ ዝቅተኛ ግምት የሚሰጠው ተጋጣሚ ግን ያንን ሜዳ በነፃ አይሰጥም።

ነገሩ በውበቱ ጊዜ አልተጀመረም። በጥር 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድናችን ከቡርኪና ፋሶ ሲጫወት የተጋጣሚ ግብ ጠባቂ በሁለተኛው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ። በዚያን ጊዜ ቡርኪና ፋሶ የምትመራን 1 ለ 0 ብቻ ነበር። በቁጥር በልጠን እየተጫወትን ሦስት ጎሎች ተጨመሩብን፤ ጨዋታውም 4 ለ 0 አለቀ። ያን ቀን ቴሌቪዥኑን ሳልዘጋ የቆየሁት በምን ትዕግሥት እንደ ነበር ዛሬም አላውቅም።

ያዋጣል የሚለው ተከራካሪ

ያ ትዝታ ለእኔም መራር ነው፤ ነገር ግን የሚመሰክረው ለእኔ ይመስለኛል። በኔልስፕሩት የጎደለን ፈጣን አጥቂ አልነበረም። ጎል ፍለጋ ወደ ፊት ነቅለን ስንወጣ ከኋላችን የተዘረጋውን ባዶ ሜዳ ሮጦ የሚዘጋ ሰው ነው የጠፋው። ካሜሩንም በሁለተኛው አጋማሽ በ53ኛውና በ55ኛው ደቂቃ ሁለት ጎል ስታገባብን የተጨነቀው የኋላ መስመራችን ነበር። ኳስ ተቆጣጥሮ የሚጫወት ቡድን ተከላካዮቹን እስከ መሐል ሜዳ ማስጠጋት አለበት፤ ተከላካዮቹ ዘገምተኞች ከሆኑ ግን ፈርተው ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ቡድኑም ለሁለት ይከፈልና አማካዮቹ በዙሪያቸው የሚቀበላቸው ሰው ያጣሉ። እርስዎ ቀደም ሲል ያነሡት የሜዳ መጥበብና የአማካዮች መታፈን በከፊል ከዚሁ የሚመጣ ነው።

ስለዚህ በመላ አገሪቱ ዞሬ አንድ ፈጣን ልጅ ብቻ እንድመርጥ ቢፈቀድልኝ፣ የመሐል ተከላካይ አደርገዋለሁ። ከፊት ዳዋ ይቆይልኝ፤ ኳሷን ግን በአንድ ንክኪ ይላኩለት።