ኤሌክትሪክ ጃንግ ውስጥ አይኖርም

ወገኖቼ፣ አንድ የአገራችን ልጅ ባሕር ማዶ ተሸለመ በተባለ ቁጥር ፎቶውን እየተቀባበልን «የኛ ልጅ!» እንላለን። በልጅነቱስ የማን ልጅ ነበር?

ስለ ፊዚክስ ሊቁ ስለ አብዱስ ሰላም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1926 ዛሬ ፓኪስታን በምትባለው አገር፣ በፑንጃብ ተወለደ፤ ያደገው ጃንግ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። መምህሩ ስለ ተፈጥሮ ኃይሎች ያስተማሩትን እስከ ሽምግልናው ያስታውሰው ነበር። የመሬት ስበት እዚሁ አለ፤ ኤሌክትሪክ ግን ጃንግ ውስጥ አይኖርም፣ የሚኖረው በፑንጃብ ዋና ከተማ በላሆር ነው፤ የኑክሌር ኃይልማ ያለው አውሮፓ ብቻ ነው! በመምህሩ አትሳቁ። መብራት ባልገባበት ከተማ የኑክሌር ኃይልን ስም የጠሩ ሰው ናቸው። ያ ተማሪ በ1979 ከአሜሪካውያኑ የፊዚክስ ሊቃውንት ከግላሾውና ከዋይንበርግ ጋር ኖቤል የተሸለመው ለምን መሰላችሁ? ኤሌክትሮማግኔታዊው ኃይል፣ ማለትም የኤሌክትሪክና የማግኔት ኃይል፣ እና በአቶም እምብርት ውስጥ የሚሠራው ደካማው የኑክሌር ኃይል ከአንድ ምንጭ እንደሚቀዱ ስላሳየ ነው። መምህሩ ላሆርና አውሮፓ ያስቀመጧቸውን ሁለቱን አገናኛቸው።

በ14 ዓመቱ በፑንጃብ ዩኒቨርሲቲ የማትሪክ ፈተና እስከዚያ ድረስ ታይቶ የማይታወቅ ውጤት አመጣ። ከላሆር በብስክሌት ሲመለስ የጃንግ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ተቀበለው። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ያ ሕዝብ ያጨበጨበው ለኖቤል አይደለም፣ ለፈተና ውጤት ነው። እኛ ለስምንተኛ ክፍል ተማሪ በር ላይ የወጣነው መቼ ነው?

የጃንግ ደስታ ግን ብቻውን አልበቃም። ካምብሪጅ ተምሮ በ1951 ላሆር ሲመለስ አብሮት የሚመራመር ሰው አጣ። ምርምሩን እርሳው ተባለ፤ ይልቅስ የተማሪዎች መኖሪያን ከመቆጣጠር፣ ሒሳብ ከመያዝና የእግር ኳስ ክለቡን ከመምራት አንዱን ምረጥ አሉት። ኳሱን መረጠ። በ1954 አገሩን ለቆ ወጣ። ለገንዘብ ሲል የሄደ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ በ1964 ጣሊያን፣ ትሪየስቴ ላይ የምርምር ማዕከል ያቋቋመው የድሃ አገር ሳይንቲስት እየመጣ ተምሮ ወደ አገሩ እንዲመለስ፣ እንደ እሱ ለመሰደድ እንዳይገደድ ብሎ ነው። ከኛም የፊዚክስ ምሁራን ብዙዎች ከዚያ ማዕድ ቀምሰዋል።

ታዲያ እኛስ? ጥያቄ የሚያበዛውን ልጅ «አርፈህ ቁጭ በል» እንላለን። ዶክትሬቱን ይዞ የተመለሰውን ወጣት ከስብሰባ ወደ ስብሰባ፣ ከኮሚቴ ወደ ኮሚቴ እናመላልሰዋለን፤ ይህ ከዚያ ከእግር ኳስ ክለብ በምን ይለያል? ሲሄድብን ደግሞ ከሃዲ እንለዋለን፣ ሲሸለም የኛ። እኔም ከነዚህ አንዱ ነበርኩ፤ አፍሬበታለሁ።

በዚህ ሳምንት በአቅራቢያችሁ ወዳለው ትምህርት ቤት ሂዱ። የፊዚክስ መምህሩን ፈልጋችሁ የቤተ ሙከራው ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ፣ በሩ መጨረሻ የተከፈተው መቼ እንደሆነ ጠይቁት። መልሱን እስክትሰሙ ከዚያ አትንቀሳቀሱ።