ለምርመራ የማይከፈልበት ጥገና

በድሬዳዋ ኮምፒውተር ጠጋኞች ዘንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ዕቃው ካልተሠራ ገንዘብ አይጠየቅም። ልማዱ ለደንበኛ ከማሰብ የመጣ መሆኑን አልክድም። ሆኖም ከምኖርበት ከፍራንክፈርት ወደ ትውልድ ከተማዬ በተመለስሁ ቁጥር፣ በተለይ ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣው የግራፊክስ ካርድ ብልሽት ሲያጋጥም፣ ይህ ልማድ ጠጋኙንም ባለ ዕቃውንም እንደሚጎዳ እየተረዳሁ መጥቻለሁ።

የግራፊክስ ካርድ ብልሽት ከጥገናው ይልቅ ፍለጋው ይከብዳል። ስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም መስመር ወይም ነጠብጣብ ይወጣል፣ ከባድ ሥራ ሲጀመር ማሽኑ ድንገት ይጠፋል፣ ወይም ጭራሹን ምስል አይታይም። ጥፋቱ ግን የካርዱ ላይሆን ይችላል፤ የተበላሸ ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም)፣ የላላ ኬብል፣ አቅሙ የደከመ ፓወር ሰፕላይ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል)፣ በአቧራ የታፈነ ማራገቢያ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። ካርዱ ከተሰካበት ከማዘርቦርዱ (ከማሽኑ ዋና ሰሌዳ) ማስገቢያ የሚያገኘው እስከ 75 ዋት ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ቀሪውን በተጨማሪ ገመድ ከፓወር ሰፕላዩ ይወስዳል፤ ያ ገመድ በደንብ ካልገባ ደህናው ካርድ የተቃጠለ ይመስላል።

በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ ወጣት ባለሙያ የአክስቴን ልጅ ማሽን ሲመረምር አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ማሽኑ የሰርግ ቪዲዮ የሚቀናበርበት ሲሆን፣ ሥራው በተጀመረ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ስክሪኑ በአረንጓዴና በሐምራዊ ነጠብጣብ ይሞላል። ባለሙያው መፍቻ ከማንሳቱ በፊት፣ «ጋሼ፣ ነጠብጣቡ ገና ሲበራ ነው የሚወጣው ወይስ ሲሠራ ቆይቶ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ትልቅ ነው፤ ዊንዶውስ ከመጫኑ በፊት የሚታይ ነጠብጣብ ቢሆን ኖሮ ድራይቨሩን መጠርጠር አያስፈልግም ነበር። ከዚያ ኬብሉንና ሞኒተሩን ቀየረ፣ ድራይቨሩን አጥፍቶ እንደገና ጫነ፣ የካርዱን ሙቀት የሚያሳየውን ፕሮግራም ከፍቶ ቁጥሩ ሲወጣ ተመለከተ። በመጨረሻ ካርዱን ሲፈታው ከሁለቱ ማራገቢያዎች አንዱ አይዞርም፤ በካርዱ ዋና ቺፕ ላይ የተቀባው፣ ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ቴርማል ፔስትም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አቧራውን ጠርጎ፣ ፔስቱን ቀብቶ፣ ማራገቢያውን ከአሮጌ ካርድ ላይ በተነቀለ ተካው፤ ነጠብጣቡም ጠፋ።

በሞቃት ወራት የድሬዳዋ ቀን ወደ 35 ዲግሪ ሲደርስ፣ ፍራንክፈርት ባለው ቤቴ በብርዱ ወራት ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ እምብዛም አይርቅም፤ የክፍሉ ሙቀት በጨመረ መጠን የካርዱም ሙቀት በዚያው ልክ ስለሚጨምር፣ እዚያ ዓመታት የሚቆይ ካርድ እዚህ ካልተጸዳ ቶሎ ይጎዳል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም የተከፈለበት ለአንዲት ማራገቢያ ብቻ ነው። ፍለጋው ብዙ ሰዓት ፈጅቶ ካርዱ የማይድን ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ባለሙያው ባዶ እጁን ይቀር ነበር። አንዳንዱ ጠጋኝ ምንም ሳይመረምር ቺፑን በሙቅ አየር ማሞቅ የሚቀናው ለዚህ ይመስለኛል። ካርዱ ለጥቂት ሳምንታት ይነሳል፣ ገንዘቡ ይከፈላል፣ ከዚያ ይሞታል። ማሞቅ የውስጡን ብልሽት አያድንም፤ የግራፊክስ ቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2008 በአንዳንድ የላፕቶፕ ቺፖቹ ላይ በታየ የአሠራር ጉድለት ምክንያት ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንደሚይዝ ማስታወቁ፣ ችግሩ ከላይ በሚነፋ ሙቀት የሚጠገን እንዳልነበረ ያመለክታል።

ፍራንክፈርት ውስጥ የመርማሪው ድካም ዋጋ አለው፤ ካርዴን የወሰድሁበት ሱቅ የምርመራውን ክፍያ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ይሁን እንጂ የተሰጠኝ ወረቀት «ካርዱ ተበላሽቷል» ከማለት አላለፈም፤ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሻጩ ኃላፊ የሚሆንበት የ2 ዓመት ጊዜም ስላለፈ አዲስ እንድገዛ ተመከርሁ። የከዚራው ልጅ ያደረገውን ያህል የፈተሸ ሰው እዚያ አላገኘሁም።

ስለዚህ የአገሬ ሱቆች መጠነኛ የምርመራ ክፍያ ግድግዳቸው ላይ ቢለጥፉ፣ ዕቃው ከተሠራም ከጥገናው ዋጋ ላይ ቢቀንሱት መልካም ነው። በምላሹ ደንበኛው ምን እንደተቀየረና እንደተሞከረ፣ ካርዱ በሥራ ላይ ስንት ዲግሪ እንደደረሰ የተጻፈበት ወረቀት ይውሰድ፤ ሌላ ጠጋኝ ጋ ቢሄድ ፍለጋው ከዜሮ አይጀመርም።