የድሮው ነው የአዲሱ?

አዳማ ላይ ባጃጅ ይዤ «ባቡር ጣቢያ» አልኩት። ልጁ ዞር ብሎ «የድሮው ነው የአዲሱ?» አለኝ። የድሮው ስለው ገረመው። «እዚያ እኮ ባቡር የለም!»

እውነቱን ነው። በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። እኔ ግን አሮጌውን ቤት ላይ እንጂ ልሳፈር አልነበረም የሄድኩት።

ሽመንደፈር፣ ፈረንሳዮች የዘረጉት የድሮው ባቡር፣ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ተጓተተ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ያኔ ባቡሩ በእንፋሎት ስለሚሄድ በየቦታው ቆሞ ውሃ መቅዳት ነበረበት። ባቡር በቆመበት ሻይ የሚሸጥ ይመጣል፤ አልጋ የሚያከራይ ይከተላል፤ ነጋዴው መጋዘን ይሠራል። አዳማንም ያሳደጋት ይኸው ነው። እናቴ ልጅ ሳለች ሰዓት የምታውቀው በባቡሩ ፉጨት ነበር። (ሰዓቷ ትክክል ነበር ብዬ ግን አልምልም።)

ናዝሬት እንበላት አዳማ እያልን ስንት ዘመን ተከራክረናል። ስለ አሮጌ ቤቶቿ ግን እንዲያ ሲጦፍ ሰምቼ አላውቅም።

የኮሪደር ልማትን አልጠላም። ሰፊ የእግረኛ መንገድ ማን ይጠላል? የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። በ2016 አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ «ይሄ ቤት እኮ ቅርስ ነው» የሚለው ጩኸት የበረታው የማፍረሻው ማሽን ከገባ በኋላ ነው። አዋጅ አጥተን አይደለም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይነካ ይከለክላል። ያልተመዘገበውን ቤት ግን ማን ይከራከርለታል? ስለዚህ መጀመሪያ ይመዝገብ፣ ይለካ፣ ፎቶ ይነሳ።

ከዚያ ደግሞ አሮጌውን ቤት አጥሮ መቆለፍ አለ፤ እሱም ቀስ ብሎ ማፍረስ ነው። ቆርቆሮው ሲያፈስ የሚያይ የለም። ሰው ይግባበት እንጂ። ቡና ይፈላበት፣ ተማሪ ያንብብበት።

ፈረንሳይኛ ጣል እያደረጉ የሚያወሩ የሽመንደፈር ጡረተኞች እያለቁ ነው። ከተማ አስተዳደሩ አንድ ወጣት መድቦ አንዱን አባት ይዞ ጣቢያው ድረስ ይሂድ፤ «ይሄ ክፍል ምን ነበር? እዚህስ ማን ይቀመጥ ነበር?» እያለ ይጻፍ። የባጃጁን እኔ እችላለሁ።