ሀገርህን ትወዳለህ፣ እሺ። የማታውቀውን ሰውስ?

ጥሩ ዜጋ ማነው ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛው ሰው የሚሰጠው መልስ ያው ነው፣ ሀገሩን የሚወድ፣ ህግ የሚያከብር፣ ግብር የሚከፍል፣ የሀገሩ መዝሙር ሲዘመር ቀጥ ብሎ የሚቆም ምናምን። ስህተት ነው አልልም። ግን ይሄን ሁሉ አሟልቶ ለሀገሩ አምስት ሳንቲም የማይረባ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ፕሮፋይሉ ላይ ባንዲራ፣ መኪናው ላይ ባንዲራ፣ ፖስቱ ሁሉ ሀገሬ ሀገሬ፣ ከዛ ቢሮ ሲገባ ጉዳይ ሊያስፈፅም የመጣውን ሰው "ነገ ተመለስ" እያለ ሲያመላልስ የሚውል። ለዚህ ሰውዬ ሀገር ማለት ምን እንደሆነ አይገባኝም፣ ምክንያቱም እዛ መስኮት ጋር ወረቀቱን ይዞ የቆመው ባለጉዳይ እኮ ነው ሀገሩ፣ ሌላ ሀገር የት አለውና።

እኔ የማምነውን ልናገር። ከሀገር ላይ ተራራውንና ወንዙን ካነሳህለት የሚቀረው ህዝብ ነው፣ ከዛ ህዝብ ውስጥ ደግሞ አንተ በእድሜህ የምታውቀው በጣም ጥቂቱን ነው። ዘመድህን ብታግዝ ዘመድነት ነው፣ ጓደኛህን ብትረዳ ጓደኝነት ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን ለዛ ዜጋ መሆን አያስፈልግህም። ዜግነት የሚፈተነው ስሙን በማታውቀው፣ ብትበድለው የት ሄዶ እንደሚከስህ በማያውቅ፣ ብትጠቅመው ደግሞ አመሰግናለሁ ሊልህ በማይችል ሰው ላይ ነው።

ማንም በማይጠይቅህ ቦታ ሰው ምን ያደርጋል ለሚለው ኒውዮርክ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፣ ሳስበው ሁሌ ያስቀኛል (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። የተባበሩት መንግስታት ዋና መስሪያ ቤት እዛ ስለሆነ ከየሀገሩ የተላኩ ዲፕሎማቶች ከተማው ውስጥ ይኖራሉ፣ መኪና ይነዳሉ፣ የተከለከለ ቦታ ሲያቆሙ ትኬት ይቆረጥላቸዋል፣ ግን ያለመከሰስ መብት ስላላቸው ባይከፍሉም የሚያስገድዳቸው አልነበረም። ሬይመንድ ፊስማን እና ኤድዋርድ ሚጌል የሚባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች ከ1997 መጨረሻ እስከ 2002 ድረስ ያለውን መዝገብ ሲያገላብጡ ያልተከፈለው ትኬት ከ150 ሺህ በላይ፣ ገንዘቡ ደግሞ ከ18 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ አገኙት። ሁሉም ዲፕሎማት ነው፣ ሁሉም ያው ከተማ ነው ያለው፣ ሁሉም መክፈል አይገደድም። ሆኖም የአንዳንድ ሀገር ዲፕሎማቶች በአመት በነፍስ ወከፍ ከ100 በላይ ያልተከፈለ ትኬት ሲከመርባቸው የስዊድን፣ የኖርዌይና የዴንማርክ ሰዎች ዜሮ። በአጠቃላይ ሲታይ ሀገሩ ውስጥ ሙስና የበዛበት እዛም ሄዶ ህግ መጣስ አበዛ። ከዛ በ2002 ከተማው መሮት የማይከፍሉትን የዲፕሎማት ታርጋ መንጠቅ ሲጀምር ጥፋቱ ወደ 98 በመቶ ገደማ ወረደ።

ታዲያ ይሄን የሰማ ሰው ቶሎ ብሎ "አየህ፣ ዱላ ነው የሚያስፈልገው" ይላል። እውነቱን ነው፣ ቅጣት የሌለው ህግ ምክር ነው፣ እኔም አልከራከርም። ግን ዜሮ የነበሩት ሰዎች ታርጋ ንጥቂያውን አልጠበቁም እኮ! አምስት አመት ሙሉ ማንም ሳያስገድዳቸው ወይ ቦታ እየፈለጉ ሲዞሩ ወይ ቅጣታቸውን ሲከፍሉ ኖረዋል ማለት ነው። እኔን የሚገርመኝ እነሱ ናቸው። ዱላው ሲመጣ የተስተካከለው ሰው ዱላው ሲሄድ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ይሄ ማለት ግን አንዳንዱ ህዝብ በተፈጥሮው ጨዋ ሌላው በተፈጥሮው ሌባ ነው ማለት አይደለም፣ እንደዛ የሚያስቡ ሰዎች አሉ፣ ስለራሳቸው ሀገርም ሳይቀር እንደዛ የሚያወሩ አሉ፣ "እኛ እኮ አንረባም" የሚለውን ወሬ ማለቴ ነው። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት አለ፣ በ40 ሀገሮች፣ 355 ከተሞች ውስጥ ከ17 ሺህ በላይ የጠፋ የሚመስል ቦርሳ ባንክ፣ ሆቴል፣ ፖሊስ ጣቢያና የመሳሰሉት ቦታዎች እንግዳ ተቀባይ ለሆኑ ሰራተኞች "መንገድ ላይ አገኘሁት፣ እኔ ቸኩያለሁ፣ እባክህ ባለቤቱን ፈልግለት" እየተባለ ተሰጠ። ውስጡ የባለቤቱ አድራሻ አለ፣ አንዳንዱ ላይ ብር አለ፣ አንዳንዱ ላይ የለም። ሰዉ ቀድሞ ሲጠየቅ ብር ያለበት ከባዶው ያነሰ ይመለሳል ነበር ያለው፣ ኢኮኖሚስቶቹም ውጤቱን አልገመቱትም። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፣ በሁሉም ሀገር ማለት ይቻላል ብር ያለበት ቦርሳ ከባዶው የበለጠ ለባለቤቱ ተመለሰ። ከሀገር ሀገር የመመለሱ መጠን ብዙ ይለያያል፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን ብሩ ሲጨመር ሰው ወደ መስረቅ ሳይሆን ወደ መመለስ ነው የሄደው።

ይሄን ያነሳሁት ያለምክንያት አይደለም። ጥሩ ዜጋ ላለመሆን የምንሰጠው ትልቁ ሰበብ "ሁሉም እየበላ እኔ ብቻ ብፆም ምን አመጣለሁ" የሚለው ነው። ሌላው ሰው ከምናስበው በላይ ታማኝ ከሆነ ግን ሰበቡ ግማሽ እግሩ ተሰበረ። እንዲያውም በአማርኛ ሰበቡን ተረት አርገንለታል፣ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" እንላለን፣ እየሳቅን ነው የምንለው፣ ልጆች እየሰሙ። ስልጣን ይዞ ያልሰረቀ ሰው ሲሻር ደግሞ "ሞኝ ነበር" ተብሎ ይወራበታል፣ በቃ ሞኝ! ከዛ ተመልሰን ስለ ሙስና እናማርራለን። "የመንግስት ነው" የሚለውም ያው ነው፣ የመንግስት እቃ ሲበላሽ የማንም አይደለም፣ የመንግስት ውሃ ሲፈስ የማንም አይደለም፣ መንግስት የሚባለው ሰውዬ የሆነ ቦታ የራሱ የእርሻ ምርት ያለው ይመስል።

አሁን እኔ ጥሩ ዜጋ ማነው ስባል ፊቴ ላይ የምትመጣዋን ሴት ላስተዋውቃችሁ። ፍራንሲስ ኬልሲ ትባላለች፣ ካናዳ ውስጥ የተወለደች ሀኪምና የመድሀኒት ተመራማሪ ናት፣ በ1960 የአሜሪካ የምግብና መድሀኒት ተቆጣጣሪው መስሪያ ቤት ተቀጠረች። ገና አዲስ ሰራተኛ ሆና ጠረጴዛዋ ላይ ታሊዶማይድ የሚባል መድሀኒት የፈቃድ ማመልከቻ ተቀመጠላት። እንቅልፍ ያመጣል፣ የእርጉዝ ሴቶችን ማቅለሽለሽ ያስታግሳል ተብሎ በብዙ ሀገር እየተሸጠ ያለ መድሀኒት ስለነበር ቀላል ስራ ነው ተብሎ ነው ለአዲሷ የተሰጠው። በጊዜው በነበረው ህግ መስሪያ ቤቱ በ60 ቀን ውስጥ ካልተቃወመ መድሀኒቱ በራሱ ጊዜ ይፀድቃል። እሷ ማስረጃው አልበቃትም፣ ተጨማሪ አምጡ ብላ መለሰችው፣ አመጡ፣ አሁንም አልበቃትም፣ መለሰችው፣ ቀኑ እንደገና ከአንድ መቆጠር ጀመረ። መሀል ላይ መድሀኒቱ የእጅና የእግር ነርቭ ይጎዳል የሚል ደብዳቤ የእንግሊዞች የህክምና መፅሄት ላይ አየች፣ ጭራሽ ባሰባት። ካምፓኒው ይደውላል፣ በአካል ይመጣል፣ አለቆቿ ጋር ሄዶ ይህቺ ሴትዮ ስራችንን አጓተተችብን ይላል። አንድ አመት አልፎ በ1961 መጨረሻ መድሀኒቱ ፅንስ ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ ጀርመን ውስጥ ታወቀና ከገበያ ተሰበሰበ። በአለም ላይ ከ10 ሺህ በላይ ህፃናት እጅና እግራቸው ሳያድግ ወይም ሌላ ጉዳት ይዘው እንደተወለዱ ይገመታል። አሜሪካ ውስጥ ለሙከራ በሀኪሞች በኩል የታደለ መድሀኒት ስለነበር ጥቂት ልጆች ተጎድተዋል፣ ሽያጭ ላይ ግን አልዋለም። በ1962 ፕሬዝዳንት ኬኔዲ ሜዳሊያ ሸለሟት።

ሜዳሊያው አይደለም እዚህ ጋር ነገሩ። ይህቺ ሴት ያደረገችው ነገር ቢጠቀለል ፋይል መመለስ ነው። መፈክር የለም፣ ሰልፍ የለም፣ ደም የለም። ያዳነቻቸውን ልጆች አንዳቸውንም አታውቃቸውም፣ እነሱም እንደዳኑ አያውቁም፣ ሙሉ እጅና እግር ይዞ የተወለደ ልጅ ማን ብሎ ያመሰግናል? ዝም ብላ ፈርማ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ማንም አይወቅሳትም ነበር፣ ሌሎች ሀገሮች ፈርመዋል እኮ። የሚያናድደው ምን መሰላችሁ፣ ብዙዎቻችን ሀገር ማዳን ሲባል ጦር ሜዳ ብቻ ነው የሚታየን፣ እዛ የሚሞቱትን ማሳነሴ አይደለም፣ ግን ሀገር በየቀኑ የምትድነውና የምትሞተው ፊርማ ላይ ነው፣ ድልድይ ሲመረመር፣ ፈተና ሲታረም፣ የመንጃ ፈቃድ ሲሰጥ።

ህግ ማክበር ነው ጥሩ ዜግነት ለሚሉት ደግሞ ሶቅራጥስን ላንሳ። ፍልስፍናውን ትተን ሁለት ያደረጋቸውን ነገሮች ብቻ እንይ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ404 አቴንስ በስፓርታ ተሸንፋ ሰላሳ ሰዎች ስልጣን ይዘው ነበር፣ እሱን ጨምሮ አምስት ሰዎች ጠርተው ሊዮን የሚባል ሰው ከሳላሚስ ደሴት አምጡልን፣ ሊገደል ነው አሏቸው። አራቱ ሄደው አመጡት፣ ሶቅራጥስ ወደ ቤቱ ሄደ። በቃ፣ ቤቱ ገባ። አገዛዙ ቶሎ ባይወድቅ ኖሮ ለዚህ እምቢታው ሳይገደል አይቀርም ነበር። ከዛ በ399 ደግሞ ራሱ ተከሶ ሞት ሲፈረድበት ወዳጆቹ እናስመልጥህ ቢሉት አይሆንም አለ። ስታየው የሚቃረን ይመስላል፣ አንዴ ትእዛዝ ጣሰ፣ አንዴ ፍርዱ ግፍ ቢሆንም ተቀበለ። ለኔ ግን አይቃረንም፣ ሌላ ሰው ላይ ግፍ ስራ ሲባል እምቢ አለ፣ ዋጋው ራሱ ላይ ሲመጣ ከፈለ። ብዙዎቻችን የምናደርገው የዚህን ግልባጭ ነው፣ ግፉ ሌላው ላይ ሲሆን "ታዝዤ ነው" እንላለን፣ ወደኛ ሲመጣ ነው ህጉ ልክ እንዳልሆነ የሚታየን። (ሁለተኛው ላይ እኔ ብሆን እንደማመልጥ አልደብቅም።)

እና እነዛ አራቱ ሰዎች ክፉ ነበሩ ወይ? አይመስለኝም። ጎመን በጤና ብለው ነው።

ምርጫ ላይ ብዙ አልቆይም። አውስትራሊያ በ1922 ምርጫ ድምፅ የሰጠው ሰው 60 በመቶ አይሞላም ነበር፣ በ1924 ድምፅ መስጠት ግዴታ ተደረገና በቀጣዩ አመት ምርጫ ከ91 በመቶ አለፈ። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ህጉ እግርህን ጣቢያው ድረስ ያመጣዋል እንጂ እዛ ከገባህ በኋላ ማንን እንደምትመርጥና ለምን እንደምትመርጥ አያስብልህም፣ በተለይ የመረጥከው ሰው የሌላውን ወገን ሊረግጥልህ ቃል የገባልህ እንደሆነ።

ይልቅ ኦንላይን ላይ ያለው ነገር ነው የሚያሳስበኝ፣ ምክንያቱም የዘመናችን ሰው ፊርማ ሼር ማድረጊያው ሆኗል። ያላጣራኸው ወሬ፣ እንትን ብሄር እንትን አደረገ የሚል፣ የማን ሬሳ እንደሆነ የማይታወቅ ፎቶ፣ ሀገሬን ስለምወድ ነው ብለህ ተጭነህ ታልፈዋለህ፣ የሆነ ቦታ የማታውቀው ሰው በር ይሰበራል። ለመመለስ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ፋይል ነበር እኮ።

መጨረሻ ላይ ሁሌ የሚመጣ ጥያቄ አለ፣ "ሀገሬ ለኔ ምን አደረገችልኝ?"። ይሄን የሚጠይቅን ሰው ከሀዲ ማለት አልወድም፣ ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ቅሬታ አለው፣ መንግስት የበደለውን ሰው ዝም ብለህ ውደድ ማለት ራሱ ግፍ ነው። የ1948ቱ የሰብአዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫም ወደ ሰላሳ የሚሆኑ አንቀፆቹን በሙሉ ማለት ይቻላል ለመብት ሰጥቶ 29ኛው ላይ ነው ስለ ግዴታ የሚያወራው፣ እሱም ግዴታው ለማህበረሰቡ ነው ይላል። በማህበረሰቡና በመንግስት መሀል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። መንግስትን ተቃወም፣ ክሰስ፣ ፃፍበት፣ ግብሬ የት ገባ በል፣ ይሄ ሁሉ ዜግነት ነው፣ እንደውም ሀገሩን ከልቡ የተወ ሰው አይተችም፣ ዝም ብሎ ቪዛ ነው የሚጠብቀው። ባለሱቁ "ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሀለሁ" ሲልህ ግን መንግስትን የቀጣህ እንዳይመስልህ። ባለስልጣኑ ሲታመም ውጪ ሀገር ሄዶ ይታከማል፣ ያቺ የተቀነሰችልህ ገንዘብ የጎደለችው ከመንግስት ሆስፒታል በቀር ሌላ መሄጃ የሌለው ሰውዬ አልጋ ላይ ነው።