ለእንጨት ትራክ የሚለጠፍ ጎማ ወይስ ባለ ከመነዳሪ?

አንድ የአዲስ አበባ ወጣት ብስክሌተኛ ወደ ውጭ አገር ሄዶ ኩርባው ባዘነበለ የ250 ሜትር የእንጨት ትራክ (ክብ የብስክሌት መወዳደሪያ) ላይ ሊሠለጥን ነው። ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ ጥንድ ቸርኬና ጎማ ብቻ በመሆኑ፣ በማጣበቂያ ቸርኬው ላይ የሚለጠፈውን ቱቡላር ይግዛ ወይስ ከመነዳሪው ለብቻው የሚገባበትን የተለመደውን ባለ ከመነዳሪ በሚለው ላይ ፒያሳ ለረጅም ዘመን ብስክሌት ሲጠግኑ የኖሩ ባለሙያና በመስቀል አደባባይ ወጣቶችን የሚያለማምድ አሠልጣኝ አልተስማሙም።

ጠጋኙ፦ ቱቡላሩን ይግዛ እላለሁ። የእሱ ከመነዳሪ በጎማው ጨርቅ ውስጥ ተሰፍቶ ስለሚዘጋ ግፊቱን የሚችለው ራሱ ጎማው እንጂ የቸርኬው ከንፈር አይደለም፤ ስለዚህ ቸርኬው ቀለል ብሎ ሊሠራ፣ ጎማውም 10 ባርና ከዚያ በላይ ሊነፋ ይችላል። ለእኔ ግን ከክብደቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ኩርባው ነው። የዚህ ዓይነቱ ትራክ ኩርባ ከ42 እስከ 45 ዲግሪ ያዘነብላል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚበር ልጅ እዚያ ላይ ጎማው ቢተነፍስበት፣ ባለ ከመነዳሪው ጎማ ከቸርኬው ሊወልቅና ሊጥለው ይችላል፤ በደንብ የተለጠፈው ግን አየሩ ወጥቶም ከቦታው ሳይነቃነቅ እስከ ታች ያወርደዋል። ቤልጅየማዊው ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በሜክሲኮ ሲቲ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር የጋለበው በተለጠፈ ጎማ ነበር።

አሠልጣኙ፦ ጋሼ፣ በዚያ ዘመን ለውድድር የሚበቃ ሌላ ጎማ ስላልነበረ መርክስ ምስክር ሊሆንዎ አይችልም። ክርክርዎን ሁሉ የተሸከመው «በደንብ የተለጠፈው» ያሉት ቃል ነው። ጎሚስታ ዘንድ ያለው ማስቲሽ ለከመነዳሪ መለጠፊያ እንጂ ለቸርኬ አይሆንም፤ ትክክለኛው ማጣበቂያ ቢገኝ እንኳ በጎማውም በቸርኬውም ላይ በስሱ እየተደራረበ ተቀብቶ፣ እያንዳንዱ ሽፋን ደርቆ፣ ከተለጠፈም በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ሊቆይ ይገባል። የቸኮለ ሰው የለጠፈው ጎማ ኩርባው ላይ ተንከባልሎ ይወጣል፤ እርስዎ የፈሩት አወዳደቅ ያኔ በእርስዎው ጎማ ይመጣል። ለስላሳ ማጣበቂያ ደግሞ በጎማውና በቸርኬው መካከል እየተላወሰ ጉልበት ይበላል፤ የቀድሞ የትራክ ጋላቢዎች እንጨት የሚቀባበትን ሼላክ የመረጡት ጠጥሮ ስለሚደርቅ ነው። ስስ ጨርቅ ያለው ባለ ከመነዳሪ ጎማ የላቴክስ ከመነዳሪ ቢገባለት በቀላሉ በመንከባለል ከቱቡላር አያንስም፤ ቢበሳም በ10 ደቂቃ ይቀየራል። የእርስዎን ግን ስፌቱን ፈትቶ፣ ለጥፎ፣ መልሶ ሰፍቶ፣ እንደገና ማጣበቅ ነው።

ጠጋኙ፦ የስፌቱን አታንሣብኝ፤ ጣቶቼ ያውቁታል። ከአራት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ ለሚደረግ ልምምድ ቱቡላር ግዛ አላልኩም፤ እዚያ ጠጠርና ስባሪ ጠርሙስ አለ። የእንጨት ትራክ ግን የሚጠረግ ወለል ነው። በዚያ ላይ የትራክ ብስክሌት ፍሬን ስለሌለው፣ በረጅም ቁልቁለት ቸርኬውን አግሎ ማጣበቂያውን የሚያላላ ነገር የለም።

አሠልጣኙ፦ እርስዎ አብረውት አይሄዱም። እዚያ በተበሳ ዕለት ማን ይለጥፍለታል?

ጠጋኙ፦ ራሱ። እስኪሄድ ድረስ አስተምረዋለሁ። አንተም ካላመንክ ዛሬ በአሮጌ ቸርኬዬ ላይ አንዱን እለጥፋለሁ፤ ደርቆ ካደረ በኋላ አየሩን አስተንፍሰህ በሁለት አውራ ጣትህ ጠርዙን ግፋው። ብድግ ካለልህ ባለ ከመነዳሪውን ይግዛ።