ብዕራቸው የማይነጥፍ የጎንደር ደራሲያን

የከተማችንን የፌስቡክ ገጣሚዎች ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው። ድሮ ደራሲ መሆን መከራ ነበር እኮ፣ የቅኔ ተማሪ ቆሎውን ይዞ ዛፍ ስር ለብቻው ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲደርስ፣ ይውልና የኔታ ፊት ሲነግር የጓደኛውን ቅኔ ይዞ ከቀረበ ጉዱ ፈላ። አሁን ተመስገን ነው፣ አንዱ ጎበዝ ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብሎ ማኪያቶው ሳይበርድ ሶስት ግጥም ይደርሳል፣ ኮፒ፣ ፔስት፣ ከታች ስሙን፣ ከላይ የፋሲልን ግንብ ተደግፎ የተነሳውን ፎቶ፣ አለቀ።

ስም ፋቂ ናቸው የሚሏቸውን አትስሙ፣ ወግ አክባሪዎች ናቸው። ብራና ያገላበጠ ያውቃል፣ መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም ተፍቆ የኋለኛው ባለቤት ስም የገባበት ስንት አለ። ያኔ የሚፋቀው የባለቤቱ ስም እንጂ ማንም ተነስቶ እኔ ደረስኩት አላለም፣ ግን ይቺን ለነሱ እንዳትነግሩብኝ። የደብረ ብርሃን ሥላሴን መላእክት የሳለው ሰውዬስ ምን ነካው፣ ያን ሁሉ ፊት ስሎ አንዱ ክንፍ ስር እንኳን ስሙን በትልቁ አይለጥፍም?

ፈረንጆቹማ በ1710 እንግሊዝ አገር የማሳተም መብት ከአታሚዎቹ ሳይሆን ከደራሲው ይጀምር ብለው ሕግ አወጡ፣ የኛም አዋጅ 410/1996 የደራሲ መብት እድሜ ልኩን ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠበቅ ይላል። የኛ ጀግኖች 50 ዓመት ምን ያስጠብቃቸዋል፣ ፖስቱ 50 ደቂቃ ሳይሞላው ወርሰውታል።

በቀደም አንዱ ጺማም ወንድማችን "ባሌ ሲያመሽብኝ በር በሩን እያየሁ" የሚል ግጥም በስሙ ለቀቀ። ኮሜንቱ "ብዕርህ አይንጠፍ"፣ "የጎንደር ኩራት"፣ ልብ በልብ ሆነ፣ እሱም "የልቤን ነው የጻፍኩት ወዳጆቼ" እያለ ሲመልስ አመሸ። አንዷ ብቻ ባል መቼ አገባህ ብትለው ገጸ ባህሪዋ ውስጥ ገብቼ ነው አለ፣ እንዲህ ያለ ጥበብ ከየት ይገኛል! በኋላ የግጥሙ እናት ራሷ መጥታ ወንድሜ ይሄ እኮ የኔ ነው፣ አምና ለጥፌዋለሁ ስትል ግጥም የሕዝብ ነው ብሎ አስተምሯት ብሎክ አደረጋት።

በማግስቱ ያው ግጥም ሌላ ሰው ገጽ ላይ ሲዞር አየና እንዲህ ብሎ ለጠፈ፦ "ስሜን ሳትጠቅሱ ሼር የምታደርጉ ሌቦች፣ የሰው ላብ አይበላም፣ ለሕግ ነው የማቀርባችሁ!" እኔም ላይክ አደረግኩለት።